አንድ ማዕረግ ሁለት ባለቤት ሲኖረው

ከ1998 እስከ 2013 ባሉት አሥራ ስድስት ዓመታት፣ «የአሜሪካ የስፖርት መኪና ውድድር ሻምፒዮን ማን ነው?» ብሎ ለጠየቀ ሰው መልሱ ሁለት ነበር። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለት ድርጅቶች ሁለት ዋንጫ ይሰጣሉ፤ ሁለቱም ብሔራዊው ሻምፒዮና የእነርሱ እንደሆነ ይናገራሉ። የዴይቶና የ24 ሰዓት ውድድር በአንዱ እጅ ነው፤ የሴብሪንግ የ12 ሰዓት ውድድር ደግሞ በሌላው። ሁለቱም ቦታዎች እዚያው ፍሎሪዳ ውስጥ ቢሆኑም ውሎ አድሮ ለአንዱ ደንብ የተሠራው ፈጣን መኪና ለሌላው የማይሆን ሆነ። በሴፕቴምበር 2012 ሁለቱ ሻጮች አንድ ለመሆን መስማማታቸውን ሲያስታውቁ ብዙዎች ነገሩን እንደ ስፖርት ዜና አነበቡት። ከስፖርት ዜናነቱ ይልቅ ግን የገበያ ዜናነቱ ያመዝናል።

የስፖርት መኪና ውድድር ሲባል ፎርሙላ ዋን ማለት አይደለም። እዚህ ጎማዎቻቸው በአካል የተሸፈኑ መኪኖች ይወዳደራሉ፤ ለውድድር ብቻ የተሠሩትና ከመሸጫ አዳራሽ ከሚወጡት የተወለዱት በየክፍላቸው ተመድበው በአንድ ጊዜ፣ በአንድ መንገድ ላይ ይሮጣሉ። ውድድሩ ረዥም ስለሆነ ሾፌሮች እየተቀያየሩ ይነዳሉ። በዚህ ምክንያት በአንድ ሜዳ ላይ የመኪና ፋብሪካ በራሱ ገንዘብ የሚያሰልፈው ቡድንና ከራሱ ኪስ የሚከፍል ነጋዴ ጎን ለጎን ይቆማሉ። የዚህ ማዕረግ ታሪክ በአመዛኙ የእነዚህ የሁለቱ ከፋዮች ታሪክ ነው።

ማዕረግ ለሚሰጠው አካል ምንም አያስወጣውም፤ ወረቀትና ዋንጫ ነው። የሚያወጣው ዋጋ ሁሉ ገዥው «የአገሪቱ ሻምፒዮን» ብሎ በማስታወቂያ ላይ ሊጽፈው በመቻሉ ነው። ስለዚህ ባለ ማዕረጉ አካል ከቡድኖች የምዝገባ ክፍያ፣ ከሜዳ ባለቤቶች የፈቃድ ክፍያ፣ ከስፖንሰርና ከመኪና ፋብሪካዎች ደግሞ የማስታወቂያ ገንዘብ ይሰበስባል። ሸቀጡ አንድ ብቻ መሆኑ ሲያጠራጥር ግን ዋጋው በግማሽ ሳይሆን ከዚያ በላይ ይወርዳል።

መጀመሪያ ላይ ሸቀጥ መሆኑም አልታወቀም ነበር። በ1944 ቦስተን ላይ የተቋቋመው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ (ኤስ.ሲ.ሲ.ኤ.) በ1951 ብሔራዊ ሻምፒዮናውን ሲጀምርና ጆን ፊች የመጀመሪያው ባለ ማዕረግ ሲሆን፣ የገንዘብ ሽልማት የሚባል ነገር አልነበረም። ክለቡ የጨዋ ልጆች ክለብ ነበር፤ ለገንዘብ መወዳደር እንደ ነውር ይታያል። ወጪውን የሚሸፍነው የመኪናው ባለቤት ነው። መንገዱ ደግሞ የሕዝብ ነው። በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ዋትኪንስ ግሌን በምትባል ከተማ ከ1948 ጀምሮ መኪኖች በከተማው ጎዳናዎች ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። በ1952 አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ዳር ቆሞ ሲመለከት ተገጭቶ ከሞተ በኋላ ነፃው መንገድ ተዘጋ።

ክለቡን ያዳነው የመንግሥት ንብረት ነበር። የስትራተጂክ አየር ኃይል አዛዥ ጄኔራል ከርቲስ ለሜይ የመኪና ውድድር ወዳጅ ስለነበሩ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያዎችን ከ1952 እስከ 1954 ለውድድሩ ፈቀዱ። ዛሬ በነፃ ገበያ ስም ብዙ የሚነገርለት ሻምፒዮና የልጅነት ዘመኑን ያለፈው በወታደር ማኮብኮቢያ ላይ ነው ማለት ነው። ድጎማው ሲቆም የግል ባለሀብቶች ሜዳ መሥራት ጀመሩ። ሮድ አሜሪካ በ1955፣ ላይም ሮክና ላጉና ሴካ በ1957 ተከፈቱ። ሜዳ የሠራ ሰው ብድር አለበት፤ ብድር ያለበት ሰው ተመልካች ይፈልጋል፤ ተመልካች ደግሞ የሚመጣው ታዋቂ ሾፌር ሲኖር ነው፤ ታዋቂ ሾፌር በነፃ አይነዳም። የጨዋ ልጆች ደንብ ያበቃለት በዚህ ስሌት እንጂ በክርክር አልነበረም።

ሌላ ድርጅት ከ1958 ጀምሮ በገንዘብ ሽልማት የሚካሄድ ሻምፒዮና ሲያቀርብ ክለቡ ገበያው ሊያመልጠው መሆኑን ተረዳ፤ በ1963 የራሱን የባለሙያዎች ሻምፒዮና አቋቋመ። ቦብ ሆልበርት፣ ጂም ሆል፣ ጆርጅ ፎልመር፣ ቸክ ፓርሰንስ፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ በተከታታይ ማርክ ዶናሂው ማዕረጉን ወሰዱ። ከ1968 በኋላ ግን ተሰረዘ። የገደለው ተፎካካሪ አልነበረም፤ የገዛ ወላጁ ክለብ ነው። ክለቡ በ1966 ከካናዳ ጋር በመሆን «ካን-አም» የተባለ፣ የቤት ሰም አምራች የሆነው ጆንሰን ዋክስ ስፖንሰር ያደረገው፣ ሽልማቱ ወፍራም የሆነ ተከታታይ ውድድር ጀምሮ ነበር። ሁለቱም የሚጠቀሙት ተመሳሳይ መኪና ነው። ገንዘቡ ወዳለበት ሁሉም ሄደ።

ካን-አም ደንብ የለሽ ለማለት የሚያስደፍር ነበር። የሞተር መጠን ገደብ የለውም። ከ1967 እስከ 1971 የማክላረን ቡድን አምስት ጊዜ ተከታትሎ ወሰደው፤ በ1972 ፖርሽ ቱርቦ ሞተር ይዞ መጣ፤ በ1973 ዶናሂው የነዳው 917/30 ከ1,000 ፈረስ ጉልበት በላይ ነበረው። ያን ለመግዛት አቅም የሌለው ቡድን ከሁለተኛ ረድፍ በታች ሆኖ ከማጨብጨብ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ወደቀ። የነዳጅ ዋጋ በየካቲት 1966 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የአዲስ አበባን ባለ ታክሲዎች ሥራ ሲያስቆም፣ በአሜሪካ ደግሞ የካን-አም አዘጋጆች መኪኖቹ በሚፈጁት ቤንዚን ላይ ገደብ ጣሉ። ፖርሽ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። የ1974 ውድድር ከአምስተኛው በኋላ ቆመ። ሁሉን ነገር የያዘው አንድ ከፋይ ሲሄድ የሚሆነውን ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ያሳየው ይህ ነው፤ የሚገርመው ግን ትምህርቱ ሦስት ጊዜ መደገም ማስፈለጉ ነው።

ትምህርቱን ቀድሞ የገባው አንድ ሰው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጆን ቢሾፕ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። በ1969 ከክለቡ ወጥተው ከባለቤታቸው ከፔጊ ጋር፣ የናስካር መሥራችና የዴይቶና ሜዳ ባለቤት በነበሩት በቢል ፍራንስ ገንዘብ እየታገዙ «ኢምሳ»ን አቋቋሙ። በ1971 የመጀመሪያው የኢምሳ ሻምፒዮና ስድስት ውድድር ብቻ ነበረው፤ ማዕረጉን ፒተር ግሬግና ሃርሊ ሄይዉድ በአንዲት ትንሽ ፖርሽ 914 ተካፈሉት። ግሬግ ጃክሰንቪል ከተማ የፖርሽ መኪና ሻጭ ነበር፤ ከዚያ በኋላም አምስት ጊዜ አሸንፏል። እሑድ ያሸነፈበትን ዓይነት መኪና ሰኞ በሱቁ ይሸጣል። ቢሾፕ የፈለጉት ገዥ ይህን ዓይነቱን ነው፦ የሚወዳደረው ከንግዱ ጋር ስለሚያያዝለት እንጂ ከአውሮፓ በተላከ የዓመት በጀት አይደለም።

ከላይ ደግሞ ስፖንሰር ተገኘ። የአሜሪካ መንግሥት ከጃንዋሪ 1971 ጀምሮ የሲጋራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ እንዲወጣ ሲያደርግ፣ የትምባሆ ኩባንያዎች እጅ ላይ ማዋያ ያጣ የማስታወቂያ ገንዘብ ቀረ። ግመል የተሣለበት ፓኬት አምራች የሆነው አር.ጄ. ሬይኖልድስ በ1972 ሻምፒዮናውን በስሙ ገዛ፤ እስከ 1993 «ካሜል ጂቲ» ተባለ። የመንግሥት ክልከላ አንዱን በር ሲዘጋ ገንዘቡ በየትኛው በር እንደሚወጣ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ጥቂት ነው።

በ1981 ቢሾፕ «ጂ.ቲ.ፒ.» የተባለውን ለውድድር ብቻ የሚሠራ መኪና ክፍል አስገቡ። የደንቡ ብልሃት ቀላል ነበር፦ ትልቅ ሞተር ያለው ከባድ ይሁን፣ ትንሽ ሞተር ያለው ቀላል ይሁን። በዚህም ሸቭሮሌ፣ ፎርድ፣ ቢዊክ፣ ጃጓርና ፖርሽ በአንድ ሜዳ መገናኘት ቻሉ። ውድድሩ አማረ፤ ወጪውም አብሮ ወጣ።

ወጪ ከገቢ በላይ በሆነበት ገበያ ውስጥ ማን ይቆያል? ለዚህ ጥያቄ የ1980ዎቹ ኢምሳ የሰጠው መልስ ደስ የሚል አይደለም። የ1984 ሻምፒዮን ራንዲ ላኒየር ይህ ነው የሚባል ስፖንሰር ሳይጻፍበት በመጣ ቡድን ትላልቆቹን አሸነፈ። በኋላ እንደታወቀው ገንዘቡ ከማሪዋና ኮንትሮባንድ የመጣ ነበር፤ በ1988 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ የተፈታው በ2014 ነው። የ1982 ሻምፒዮን ጆን ፖል ጁኒየርም ከአባቱ የዕፅ ንግድ ጋር በተያያዘ ክስ ጥፋተኛ መሆኑን አምኖ ታስሯል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚተረከው እንደ ወንጀል ታሪክ ነው። የሒሳብ ታሪክም ነው። በሕጋዊ መንገድ ወጪውን መመለስ የማይቻልበት ንግድ ውስጥ፣ ወጪውን መመለስ የማያስፈልገው ሰው ተወዳዳሪ የለውም።

ቀጥሎ የመጡት ፋብሪካዎች ናቸው፤ ገንዘባቸው ንጹሕ ቢሆንም በገበያው ላይ ያደረሱት ግን ከዚህ የራቀ አልነበረም። ኒሳን በጄፍ ብራብሃም አማካይነት ከ1988 እስከ 1991 አራት ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ዳን ገርኒ ለቶዮታ የሠሩት «ኢግል» 27 ጊዜ ተሰልፎ 21 ጊዜ አሸነፈ። የተረፈው ተወዳዳሪ ከፋብሪካ ገዝቶ ይነዳው የነበረው ፖርሽ 962 ለሙዚየም የቀረበ ሆኖ ነበር። በ1993 ኒሳን ፕሮግራሙን ዘጋ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቶዮታም ሄደ፣ ካሜልም ሄደ፣ ጂ.ቲ.ፒ.ም ተቀበረ። ቢሾፕ ድርጅቱን የሸጡት በ1989 ነው፤ ከዚያ በኋላ በ1994 እና በ1996 እንደገና ተሸጠ። አዲሶቹ ባለቤቶች ስሙን ሳይቀር ለወጡት። በሰባት ዓመት ሦስት ጊዜ እጅ የቀየረ ንብረት፣ መኪናም ይሁን ማዕረግ፣ ገዥ ኮፈኑን ከፍቶ የሚያየው ዓይነት ነው።

ክፍፍሉ የመጣው በዚህ ድካም ላይ ነው። የዴይቶና ባለቤቶች በባለ ማዕረጉ ስላልተማመኑ በ1998 ከአሮጌው ክለብ ጋር ሆነው የ1963ቱን ሻምፒዮና ስም ከመቃብር አወጡት፤ ሁለተኛ ዓመቱን ሳይጨርስ ሲቀር «ግራንድ-አም» የተባለ አዲስ ድርጅት ተክተው በ2000 ጀመሩ። በሌላ ወገን ዶን ፓኖዝ የሮድ አትላንታን ሜዳ ገዝተው፣ ከፈረንሳዩ የለ ማን ውድድር አዘጋጆች ጋር ተዋውለው፣ በ1999 «የአሜሪካ ለ ማን ሲሪስ»ን አቋቋሙ። ፓኖዝ ሀብታቸውን ያፈሩት በመድኃኒት ሥራ ነው፤ ኩባንያቸው ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ሲጋራ ማቆም የሚፈልግ ሰው ቆዳው ላይ የሚለጥፈው የኒኮቲን ፕላስተር ነበር። ሲጋራ ሃያ ዓመት የመገበውን ማዕረግ ሲጋራ ማስተዋን የፈጠረው ሀብት ተረከበው ማለት ነው።

ሁለቱ ሻጮች ያቀረቡት ዕቃ ግን አንድ አልነበረም። ፓኖዝ ለፋብሪካዎች በሩን ከፍተው ዘመናዊውንና ውዱን መኪና አመጡ፤ አውዲ ከ2000 ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመታት ከፍተኛውን ክፍል ገዛ። ግራንድ-አም ደግሞ በ2003 ከብረት ቱቦ ተበይዶ የሚሠራ፣ ቴክኖሎጂው ሆን ተብሎ የተገደበ መኪና አወጣ። መልኩ አስቀያሚ ነው ተብሎ ተዘባበቱበት፤ በእርግጥም አያምርም ነበር። በዚያ ዓመት በዴይቶና አዲሶቹ መኪኖች በብልሽት ሲንጠባጠቡ፣ ከበታች ክፍል የመጣ የአንድ የካሊፎርኒያ የግል ቡድን ፖርሽ 911 ሁሉንም ቀድሞ ገባ። ያም ቢሆን ስሌቱ ትክክል ነበር፦ መካኒኩ በራሱ ጋራዥ ሊጠግነው የሚችለው መኪና ባለቤቱን ዓመቱን ሙሉ ያቆየዋል። በ2008 የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ልዩነቱ ታየ። አውዲ ከሙሉ ዓመት ውድድሩ ወጣ፤ የፓኖዝ ከፍተኛ ክፍል በ2009 ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የተሣቀበት ወገን ሰልፉን እንደያዘ ቆየ።

ይሁንና ብቻውን መቆየት ማዕረጉን ሙሉ አላደረገውም። ስፖንሰር ሁለት ሻጭ ሲያይ ዋጋ ያወርዳል፤ ወይም ጭራሽ አይገዛም። በዚያው አገር የኢንዲያናፖሊስ ዓይነት መኪኖች ሻምፒዮና ከ1996 እስከ 2008 ለሁለት ተከፍሎ የሁለቱም ወገን ገበያ እንዴት እንደከሳ ሁሉም አይቶታል። ናስካር ግራንድ-አምን በ2008 ጠቅልሎ ከያዘ በኋላ በ2012 የፓኖዝን ድርጅት ከነሜዳው ገዛ። በ2014 አንድ ሻምፒዮና ተጀመረ፤ ከ2016 ወዲህ የመኪና ምንጣፍ አምራቹ «ዌዘርቴክ» ስም ተጽፎበታል። የኢምሳም ስም ተመለሰ።

የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሞኖፖል ሲሰማ መቆጣት ልማዱ ነው። አሁን ማዕረጉን የሚሰጠው ወገንና ዴይቶናን፣ ዋትኪንስ ግሌንን፣ ሮድ አትላንታን የያዘው ወገን አንድ ቤተሰብ ዘንድ ይገናኛሉ። ነገር ግን ማዕረግ ከዳቦ ይለያል። በአንድ የእህል በረንዳ ሁለት ዓይነት ቁና ቢኖር ገበሬው አይጠቀምም፤ ገዥውም ይጠራጠራል። ቁናው አንድ መሆኑ ትክክል ነው። መጠየቅ ያለበት ቁናውን የያዘው ሰው ሲሰፍር ማን ያየዋል የሚለው ነው።

ይህ የነገር ማሳመሪያ አይደለም። ዛሬ ኢምሳ የየመኪናውን ክብደትና ጉልበት እየጨመረና እየቀነሰ ሁሉም ተቀራርበው እንዲሮጡ ያደርጋል። የዋጋ ቁጥጥር ነው ቢባል ያስኬዳል፦ ብዙ ያወጣ ፋብሪካ ብዙ ስለማይቀድም ማውጣቱን ይቀንሳል። ጉዳቱ ደግሞ የውጤቱ ከፊል በቢሮ የሚወሰን መሆኑ ነው። በ2023 ዴይቶናን ያሸነፈው የአኩራ መኪና ቡድን የጎማ አየር መለኪያ መረጃውን እንዳዛባ ሲረጋገጥ 200 ነጥብ ተቀነሰበት፤ 50,000 ዶላርም ተቀጣ፤ ድሉ ግን አልተነጠቀም። ሁለት ሻጭ በነበረበት ዘመን እንዲህ ያለ ፍርድ ያልተዋጠለት ቡድን ወደ ሌላው ይሄዳል። አሁን የሚሄድበት የለም።

በዚያው በ2023 ጂ.ቲ.ፒ. የሚለው ስም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተመለሰ። አዲሱ መኪና የሁለቱ የቀድሞ ተቀናቃኞች ሐሳብ ቅልቅል ነው፦ ፋብሪካው ሞተሩንና መልኩን ይሠራል፤ ሻንሲውን ከተፈቀደላቸው አራት አምራቾች ይገዛል፤ ካምቢዮውና የኤሌክትሪክ ክፍሉ የሁሉም አንድ ነው። አኩራ፣ ቢ.ኤም.ደብልዩ፣ ካዲላክና ፖርሽ ወዲያው ገቡ። ወርቃማ ዘመን ተባለ፤ እውነትም የሚታየው ያማረ ነው። ነገር ግን በዚያ ዓመት ዴይቶና ላይ ከተሰለፉት 61 መኪኖች ጂ.ቲ.ፒ. የነበሩት 9 ብቻ ናቸው። የቀሩት 52ቱ ሰልፉን ሞልተው፣ ምዝገባ ከፍለው፣ ጎማ ገዝተው ለዘጠኙ ሜዳ ያደመቁ ናቸው። ከእነርሱም አብዛኞቹ ማንም ገንዘብ ያለው ሰው ከፋብሪካ የሚገዛቸው የጂ.ቲ. መኪኖች ናቸው፤ የግሬግ ልጆች ማለት ይቻላል።

ፋብሪካዎቹ አንድ ቀን የዳይሬክተሮች ቦርዳቸው ወስኖ ይሄዳሉ። በ1974፣ በ1993፣ በ2008 ሄደዋል። ኢምሳ ለዚያ ቀን ያዘጋጀው ዋስትና ምን እንደሆነ የሚታየው በሚናገረው ሳይሆን ቦታ ሲጠብ ማንን እንደሚያስወጣ ነው። ሰልፉ ሲሞላና ጠያቂ ሲበዛ ከ2024 ጀምሮ ከሻምፒዮናው የተሰናበተው «ኤል.ኤም.ፒ.3» የሚባለው ክፍል ነበር፤ ለውድድር ብቻ ከሚሠሩት መኪኖች መካከል ርካሹ። ባለቤቶቹ ወደ ታችኛው፣ አጫጭር ውድድሮች ወደሚካሄዱበት ደረጃ እንዲወርዱ፣ ካልሆነም የበለጠ ውድ መኪና እንዲገዙ ተነገራቸው።